ማላጋን ያየሁበት የለቅሶ ሰሞን

ወንድሜ ወደ ስፔን ሊሄድ ሲል አባታችን ታሞ ነበር። ታሞ ስል አንድ ቀን ቀና ብሎ ሾርባ ይጠጣል፣ በማግስቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይውላል። ዕድሜም ነበር በሽታውም። ወንድሜ ግብርና ጽሕፈት ቤት የመስኖ ባለሙያ ነው፤ ማላጋ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ለሚሰጥ ሥልጠና ተመርጦ፣ ቪዛው ሁሉ ካለቀለት በኋላ፣ "አባባን እንዲህ ጥዬማ አልሄድም" ብሎ ቁጭ አለ። ያስነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ሰው አላስቀምጥም። ምን ልትሠራለት ነው፣ አንተ ሐኪም ነህ ወይ፣ እኔ እዚሁ አይደለሁም ወይ፣ ሱቄን ዘግቼም ቢሆን እይዘዋለሁ እያልኩ ጧትና ማታ ነዘነዝኩት።

በመጨረሻ እሺ አለ። ግን ሻንጣውን ዘግቶ ከመውጣቱ በፊት ከጓዳ ጠርቶኝ እጄን ያዘ።

"እትዬ፣ አባባ አንድ ነገር ቢሆን በዚያው ሰዓት ትነግሪኛለሽ። የእማዬን ነገር እንዳትደግሙብኝ። ወላሂ በይ።"

"ወላሂ" አልኩት።

የእማዬ ነገር ይህ ነው። እናታችን ስትሞት እሱ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ፈተና ላይ ስለነበር "ልጁ ይጨርስ" ተብሎ ተደበቀ። ጨርሶ ሲመጣ ከመናኸሪያ ቀጥታ ወደ ጎረቤት ቤት ወሰድነው፤ "እዚህ ራት ተሠርቶልሃል" አልነው። እኛ ዘንድ ከሩቅ የመጣ ሰው ቤቱን አልፎ ሌላ ቤት ካሳደሩት፣ ሲነጋ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊያረዱት ነው ማለት ነው። ሕፃን እንኳ ያውቃል። እሱ ግን ራቡ ነው ድካሙ ያኔ አልነቃም፤ ራቱን በልቶ፣ እየቀለደ ተኛ። ጧት ሲረዳ ያለቀሰው ለእናታችን ብቻ አልነበረም። "ሁላችሁም እያወቃችሁ እኔ እየበላሁ ስስቅ ታዩኝ ነበር?" ያለው ነገር እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ ወላሂ ስል ምን እንዳልኩ አውቅ ነበር። አላወቅሁም ብዬ የማመልጥበት ቀዳዳ የለኝም።

ሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ነበርና መጀመሪያ ሰሞን ከተማውን ለማየት ጊዜ አላገኘም። ማታ ማታ በስልክ ከአባባ ጋር ያወራል። አባባ ወጣት ሆኖ ከአፋር በኩል ጨው በግመል እያስጫነ አሊዩ አምባ ገበያ ይሸጥ ነበር። በዚያ ጨው ነው ትዳር የያዘው፣ እኛን ያሳደገው። ባሕር ግን አይቶ አያውቅም። "ጨው የባሕር ልጅ ነው ይላሉ፣ እስቲ እናቱን አሳየኝ" ብሎ ወንድሜን ያዘው። ወንድሜም ሥልጠናው አልቆ ለጉብኝት የተተዉት ቀናት ሲጀምሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ባሕሩ ዳር ቆሞ እንደሚደውል ቃል ገባለት። አባባ ያን ሳምንት ቅዳሜን ሲጠይቅ ሰነበተ።

ቅዳሜ ፈጅር ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ፣ "ዛሬ ነው ባሕሩ?" አለኝ። "አዎ፣ ዛሬ ነው" አልኩት። ውሃ ቀምሶ ተጋደመ። ፀሐይ ስትወጣ ትንፋሹ አልነበረም።

ገና ሳይታጠብ ስልኩን አንስቼ ነበር፤ ይህንን ለራሴ ልመስክር። የነጠቁኝ አክስታችን ናቸው፣ የአባባ ታላቅ እህት። "ልጁ በሰው አገር ብቻውን ነው፣ ማን ይይዘዋል፣ መንገድ ላይ ቢወድቅስ?" አሉ። መሐላዬን ነገርኳቸው። "መሐላ ያፈረሰ ሰው ይጾማል፤ ትጾሚያለሽ" አሉኝ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ግን እሺ አላልኩም። ከቀብር በኋላ እነግረዋለሁ፣ ቢያንስ ለሦስተኛው ቀን ዱዓ ይድረስ ብዬ በልቤ ቆረጥኩ። ከዙሁር በኋላ ቀበርነው። ድንኳኑ በራችን ላይ ተተከለ፣ ሰው ሞላ።

ከአስር ሶላት በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ቪዲዮ ነው። ከድንኳኑ ወጥቼ ወደ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር ሄድኩ። ጥቁሩን ሻሼን ፈታሁ፣ ፊቴን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁ። እንዴት ብዬ እንደምጀምር ቃሉን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ነው ያነሳሁት። ወላሂ አዘጋጅቼ ነበር።

ፊቱ ሙሉ ስክሪኑን ሞላው፤ የገለባ ኮፍያ አድርጓል፣ ይስቃል። "እትዬ፣ አትናገሪ፣ መጀመሪያ እዪ" አለና ስልኩን አዞረው።

ባሕሩን አየሁ።

ምን ልበላችሁ። እኔ ከሸዋ ሮቢት ወጥቼ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ ሌላ አላየሁም፤ ውሃ ሲባል የማውቀው ሮቢ ወንዝን ነው፣ እሱም በበጋ ድንጋይ ነው። ይኼ ግን ማለቂያ አልነበረውም። ዳሩ ላይ አሸዋ፣ አሸዋው ላይ ሰው ተኝቷል፣ በእንጨት የተሰካ ዓሣ በእሳት ይጠበሳል። ራቅ ብሎ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል። ፎቅ ቤት መስሎኝ "ያ ነጩ ሕንፃ ምንድን ነው?" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ፤ መርከብ ነው አለኝ። "ይኼ ሁሉ መርከብ? ቀረብ በልልኝ" አልኩት። ቀረበልኝ። መስኮቶቹን አየሁ። እላዩ ላይ የሚሄዱ ሰዎች አየሁ። "ውሃውን ቅመሰው እስቲ" አልኩት። ጎንበስ ብሎ በጣቱ ነክቶ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ፤ እኔም ሳቅሁ።

እንዴት ሳቅሁ? ከድንኳኑ የዱዓው ድምፅ እየመጣ፣ የአባቴ አፈር ገና ሳይደርቅ። ያን ጊዜ የተሰማኝን በትክክል ልናገር፤ ለእሱ ብዬ ሐዘኔን ደብቄ አልነበረም የሳቅሁት። ለዚያች ጥቂት ጊዜ አባባን ረስቼው ነበር። ጭራሽ ረስቼው ነበር።

"አሁን ለአባባ አሳዪው፣ ቀስቅሺው" ሲለኝ አፌ ላይ የነበረው ቃል የት እንደገባ አላውቅም። "ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው" አልኩ። "እሺ አትረብሺው፣ ባሕሩ የትም አይሄድም፣ ነገ አሳየዋለሁ" አለ። ዘጋሁና ሻሼን መልሼ አስሬ ድንኳኑ ውስጥ ገባሁ፤ ያለቀስኩት ልቅሶ ያን ዕለት የሰማኝን ሁሉ አስለቅሷል። ሴቶቹ ለአባቷ ነው ብለው አዘኑልኝ።

በማግስቱ እነግረዋለሁ ብዬ አደርኩ። በማግስቱ ሲደውል ግን ስልኩ የተዞረው ወደ ውጭ ነበር፤ ፊቱን አላየሁትም፣ የማየው መንገድ ነው። "ፊትህስ?" ብለው ፀሐዩ ስልኩን እያብረቀረቀብኝ ነው አለ። ድምፁ ከስልኩ ጀርባ ነበር የሚመጣው። እውነቱን ልናገር ካልኩ ደስ አለኝ። አንደኛ ዓይኑን እያዩ መዋሸት ይከብዳል። ሁለተኛ ደግሞ ከተማው ሙሉ ለሙሉ ይታያል።

"አባባስ?" አለኝ።

"ሾርባ ጠጥቶ ተኛ" አልኩት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ዝም አለ። ኔትወርኩ የተቆረጠ መስሎኝ ሄሎ ሄሎ እያልኩ ነው። ቆይቶ "አልሃምዱሊላህ" አለ፣ ቀስ ብሎ። ዝምታው አስፈራኝና የሆነ ነገር ልበል ብዬ፣ "በል ዛሬ ደግሞ ከተማውን አሳየኝ፣ ቀኑን በሙሉ እዚህ ተዘግቼ ነው የምውለው" አልኩት። ማላጋን መጎብኘት የጀመርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ሰፊ መንገድ ወሰደኝ፤ ወለሉ ታጥቦ የሚብለጨለጭ፣ መኪና የማይገባበት። ከላይ ከፎቅ ወደ ፎቅ ትላልቅ ሸራ ወጥረው መንገዱን በሙሉ ጥላ አድርገውታል። እኔ ጨርቅ ሻጭ ነኝና መጀመሪያ ያየሁት ሰዉን ሳይሆን ሸራውን ነው። ስፌቱን አሳየኝ፣ በምን ነው የያዙት፣ በገመድ ነው በብረት እያልኩ አስቆምኩት። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ እዚያ ማንጎ ሥር እንኳ ጭንቅላቴን እየጠበሰኝ፣ ይኼ ቢኖረን እኮ ገበያው ስድስት ሰዓት ላይ አይበተንም ነበር ስል ነበር። ከዚያ በዛፍ የተሞላ ሌላ መንገድ አሳየኝ። ዛፉ ሁሉ ብርቱካን ነው፣ ፍሬው መንገድ ላይ ይወድቃል፣ የሚያነሳው የለም። "ሰዎቹ ጠግበዋል ማለት ነው" ስለው መራራ ነው፣ ለማየት ብቻ ነው የተከሉት አለኝ። የማይበላ ብርቱካን ውሃ እያጠጣ የሚያሳድግ ሰው አላየሁም ብዬ ተሳለቅሁ። ትልቁን ቤተ ክርስቲያናቸውን ሲያሳየኝ ደግሞ ማማው አንድ ብቻ ሆነብኝ፤ ሁለት ሊሠሩ አስበው አንዱን ሳይጨርሱ እንደቀሩ አስረዳኝ። "እኛ ብቻ ነን ጀምረን የምንተው መስሎኝ ነበር፤ አልሃምዱሊላህ" አልኩና ሳቅሁ።

ቀና ስል አክስታችን የኩሽናው በር ላይ ቆመዋል። በእጃቸው ለለቅሶተኛ የሚቀርብ ንፍሮ ይዘዋል። እኔ ሻሼን አውልቄ፣ ስልኬን ታቅፌ፣ ጥርሴ ወጥቶ። አዩኝ። "ደብቂው" ያሉኝ እሳቸው ናቸውና ለእሱ ስል የምሳሳቅ መስሏቸው ይሆናል። ምናለ በተቆጡኝ ኖሮ። እሳቸው አዝነውልኝ ንፍሮውን ይዘው ሲመለሱ አፈር ብበላ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ሰደቃ ነበር። ቤቱ በሰው ታጭቆ፣ ድስቱ ተጥዶ፣ እኔ መለስ ቀለስ እያልኩ ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነው። ፈርቼ ነው ብል ውሸት ነው፤ እየጠበቅሁት ነበር። ዛሬ ወዴት ይወስደኝ ይሆን እያልኩ ነበር። ሲደውል ድስቱን ለሌላ ሰው ትቼ ወጣሁ።

ያን ቀን ገበያ ወሰደኝ። የገበያው በር ጥንት እዚያ አገር ሙስሊሞች ሲኖሩ የሠሩት ነው፤ ድንጋዩ ላይ በዐረብኛ ተቀርጿል። ወንድሜ ልጅ ሳለ መድረሳ ተምሯልና ፊደል ፊደሉን እየለየ አነበበልኝ፤ ከአላህ በቀር አሸናፊ የለም ይላል አለኝ። ድምፁ መሐል ላይ ተሰበረ። እኔ ሞኟ ሃይማኖቱ ነክቶት ነው ብዬ "ማሻአላህ" አልኩ። ከዚያ "እትዬ፣ አባባን ተኝቶም ቢሆን አሳዪኝ፤ አንዴ ብቻ" አለኝ።

"መብራት ጠፍቷል፤ ክፍሉ ጨለማ ነው" አልኩት። በሸዋ ሮቢት መብራት ጠፋ ብሎ የሚዋሽ ሰው አይነቃበትም።

"እሺ" አለ። "ሌላ ምን ላሳይሽ?"

አሁን እኮ ያ ነበር ጊዜው። ሰው እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ምን ይባላል? እኔ ያልኩት ግን ተራራው ላይ ያለውን ግንብ ነው። ከባሕሩ ዳር ጀምሮ በርቀት ደጋግሜ አየው ነበር፤ ኮረብታው ጫፍ ላይ የተቀመጠ የጥንት ምሽግ። ከእዚያ ላይ ባሕሩም ከተማውም በአንዴ ይታያል ብሎኝ ነበርና፣ "እሱን ሳታሳየኝ እንዳትመጣ" አልኩት። ኔትወርኩ ከፍታው ላይ ስለማይዝ ቀርጾ ላከልኝ። ቪዲዮው ዳገቱን በድንጋይ ደረጃ ሲወጣ ይጀምራል፣ ግራና ቀኙ ጥድ ነው፣ ከዚያ ግንቡ፣ ከግንቡ በታች ወደቡ፣ መርከቡ፣ ሰውና በሬ የሚጋጠሙበት ክብ ሜዳቸው። ድንኳኑ ሲፈርስ አንድ ጥግ ተቀምጬ ደጋግሜ አየሁት። ትንፋሹ ብቻ ይረብሽ ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁና ቁና ይተነፍሳል። በድምፅ መልእክት አሾፍኩበት።

የሚመጣበት ቀን መናኸሪያ ሄጄ ጠበቅሁት። ጥቁሬን አውልቄ፣ አበባ ያለበት ሻርፕ ለብሼ። ከአክስታችን ጋር ተማክረናል፤ እሳቸው ቤት ያድራል፣ ከፈጅር በኋላ ሽማግሌዎቹ መጥተው ያረዱታል። ሲወርድ አቀፈኝና ብዙ ሳይለቀኝ ቆየ። ከስቷል። የመንገዱ ነው አልኩ ለራሴ። ባጃጅ ያዝን፣ ሻንጣውን ጉልበታችን ላይ አድርገን ተጠጋግተን ተቀመጥን። ስለ ሙቀቱ ለፈለፍኩ፣ ስለ ሽንኩርቱ፣ ስለ ሱቁ። አስፋልቱ ላይ ያለችው መታጠፊያ ስንደርስ ባጃጁ እንዳልኩት ወደ አክስታችን ቤት ታጠፈ።

ወንድሜ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አድርጎ አስቆመው። "ቤታችን በወዲህ ነው" አለ፤ ለሹፌሩ ይሁን ለእኔ አላወቅሁም።

"አክስታችን ራት ሠርተው..." ብዬ ጀመርኩ፤ አልጨረስኩትም። ዞሮ አየኝ። ከባሕሩ ቀን ወዲህ ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም የመጀመሪያችን ነበር።

"ባሕሩን ያየሽ ቀን ማታ የመሥሪያ ቤታችን ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው አላህ ይዘንላቸው ብሎ ጽፎ አየሁ፤ ወዲያው አጠፋው" አለኝ። "ትኬቴን ልቀይር ተነስቼ ነበር። ከዚያ እትዬ ወላሂ ብላኛለች፣ ሞቶ ቢሆን ትነግረኝ ነበር አልኩ። የሌላ ሰው አባት ይሆናል አልኩ። አንቺ በሳቅሽ ቁጥር አባባ ደህና ነው እያልኩ ነው ከተማውን የዞርኩት። እስከዚህች መታጠፊያ ድረስ።"

አልጮኸም። ቢጮህ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር፣ ነገረኛ ነኝ፣ አክስታችንን አሳብቤ እከራከር ነበር። እንዲህ ሲለኝ ምን ይዋጠኝ? ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ፊት ብቻ ያይ ነበር። ወደ ቤት በል አልኩት።

ሽማግሌዎቹ በማለዳ አክስታችን ቤት ሄደው ሲያጡት ወደ እኛ መጡ፤ እሱ ቀድሞ ተቀምጦ ተቀበላቸው፣ አጽናንተው ዱዓ አደረጉለት፣ አሜን አለ። እኔን እስከ ዛሬ በአንድ ቃል አልወቀሰኝም። ሻይ ሲጠጣ አጠገቤ ይቀመጣል፣ ሱቅ ሲዘጋ በሩን ያግዘኛል። ለመሐላዬ ጾሜአለሁ። ለሳቁ ግን ምን እንደሚደረግ የሚነግረኝ አላገኘሁም፤ የምጠይቀውም ሰው የለኝም፣ ያፍራል ሰው። ከሁሉም የሚብሰኝ፣ ከተማው ዛሬም ያምረኛል። ባሕሩ ትዝ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ከደስታው ኋላ አባባ ይመጣል፣ "ዛሬ ነው ባሕሩ?" እያለ።

ቪዲዮው ስልኬ ላይ አለ። ገበያተኛ ሲጠፋ ሱቄ ውስጥ ጨርቁ መሐል ተቀምጬ ከፍቼ አየዋለሁ፤ አሁን ግን ግንቡን አላይም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሹን ነው የምሰማው። የድካም ትንፋሽ አይደለም። ደረጃው አልቆ ቆሞ እንኳ፣ ባሕሩን ሲያሳየኝ፣ ልቅሶ እያነቀው ነው የሚተነፍሰው። ከቪዲዮው ሥር እኔ ያን ዕለት የላክሁት የድምፅ መልእክት አለ። "ምነው እንዲህ ቁና ቁና የምትተነፍሰው? ወፈርክ እንዴ?" እላለሁ፣ እየሳቅሁ። ከእኔ ሥር ደግሞ የእሱ መልስ አለ፤ በጽሑፍ ነው።

"አዎ እትዬ" ይላል።